የአዘዘ ካዝና

ሥርጉት ባሏን አዘዘን የቀበረችው ዘንዘልማ ነው። አዘዘ እዚያው አቅራቢያ ባለ የዱቄት ፋብሪካ ጥበቃ ነበር። ሦስት ሌቦች አጥር ዘለው ሲገቡ ሽጉጡን መዞ አቀባበለ፤ ጥይቱ ግን ከመያዣው፣ ከካዝናው፣ ሲወጣ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። እሱ ሊያስለቅቅ ሲታገል እነሱ ተኮሱ።

ሌቦቹ ተይዘው ተፈረደባቸው። ሥርጉትን ያንገበገባት የጥበቃ ኃላፊው የባምላክ ሪፖርት ነው፤ «ጠባቂው በፍርሃት ሳይተኩስ ቀረ» ይላል። አዘዘ የካዝናው ሞላ እንደላላ ሦስት ጊዜ ለባምላክ በደብዳቤ ማመልከቱን እሷ ታውቃለች።

ፋብሪካው በባሏ ቦታ ልቅጠርሽ ሲላት እናቷ «እንዴት ብለሽ እዚያ ግቢ ትገቢያለሽ?» አሏት።

«ሪፖርቱን የጻፈውን ሰውዬ በየቀኑ ላየው እፈልጋለሁ» አለች።

የመሣሪያ ክፍሉን የያዙት ጡረተኛው ወታደር ጋሽ ገብረ መስቀል ነበሩ። አንድ ቀን መስኮታቸው ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጥይት ለምን ይቀረቀራል? ያስተምሩኝ።»

ትክ ብለው አዩዋትና አንድ ካዝና ፈትተው ጨርቅ ላይ ዘረጉላት። «የጣና እርጥበት ብረት ይበላል፤ ቶሎ ቶሎ ጥረጊ። ውስጡን ዘይት አታጠጪው፣ አቧራ ይሰበስባል። ከንፈሩ፣ ጥይቱ የሚወጣበት አፉ፣ ከተጣመመ ጥይቱን አስተካክሎ አይሰጥም። ስትጭኚ እያንዳንዱ ጥይት ወደ ኋላ ጥግ ይግባ፤ ስትጨርሺ ጀርባውን መዳፍሽ ላይ መታ መታ አድርጊ። ሞላው የላላ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጊ አይሆንም፣ ይለወጥ።»

ሁለት ዓመት ተማረች። ጋሽ ገብረ መስቀል ጉልበታቸው እምቢ ሲል ቁልፉ ለእሷ ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁን በማመልከቻ አሰልችታ የሁሉንም ካዝና ሞላ አስለወጠች። የአዘዘን ብቻ፣ ሞላው እንደላላ፣ አልነካችውም።

ጠባቂዎቹ በዓመት አንዴ በመራዊ መንገድ ካለ ገደል ሥር ወጥተው ዒላማ ይተኩሳሉ። ሁልጊዜ የሚጀምረው ባምላክ ነው። ሥርጉት ሽጉጡን አቀበለችው። አቀባበለ፤ ተቀረቀረ። አስለቅቆ ደገመ፤ አሁንም ተቀረቀረ። ሃያ ሰው ያያል፤ ሥራ አስኪያጁም ቆሟል። የባምላክ ግንባር በላብ ራሰ።

«ፈርተው ነው፣ አቶ ባምላክ?» አለች።



ሽጉጡን ተቀበለችው። ጥይቶቹን አውጥታ ወደ ደህና ካዝና አዛወረቻቸው፣ ሽጉጡ ውስጥ ከትታ ሁሉንም አከታትላ ተኮሰች። አንድም አልተቀረቀረም። ከዚያ አሮጌውን ካዝና ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችለት።

«ይቺ የባሌ ናት። ባሌ ፈሪ አልነበረም። ሦስት ጊዜ አመልክቶ ነበር፤ ደብዳቤዎቹን ይጠይቁልኝ።»

ተጠየቁ፤ ከባምላክ መሳቢያ ተገኙ። ሪፖርቱ ተሻረ። ባምላክ ከኃላፊነት ወርዶ ተራ የበር ጠባቂ ሆነ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሽጉጡን ከሥርጉት መስኮት ይረከባል። እሷ ጥይቱን ከማንም አሳምራ ትጭንለታለች። ሌላ ሴት በእሷ እጅ መበለት እንድትሆን አትፈልግም። በጾም መግቢያ ሰሞን ባምላክ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«ሥርጉት፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ። በደልሁሽ።»

የመሣሪያ መረከቢያ መዝገቡን ገፋ አደረገችለት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችው፣ ቀና ሳትል።