የአሰብ ሣር በጠርሙስ

ዛሬ አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ የፕላስቲክ የባሕር ሣር አይቼ ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ የእኔ ሕያው ነበር። የአሰብ መስመር ሾፌር የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ሣሩን ከነባሕር ውሃው በጀሪካን አምጥተውልኝ፣ ባልዲ በሚያህል ጠርሙስ አሳደግሁት። ባሕር ሳላይ ባሕር አሸትት ነበር። ሙቀቱ ውሃውን ሲያጎድለው የቧንቧ ውሃ ብቻ እጨምራለሁ፤ «ጨው አይተንም» ብለውኛል።

ለወባ ፍተሻ የመጣው የቀበሌ ሰው ግን «ትንኝ ይፈለፈልበታል» ብሎ ለጋው ፓፓያችን ሥር ደፋው። «ኧረ ጨው ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ!

ፓፓያው ደረቀ። ሰውዬው ተመልሶ መጣና «ምን ዓይነት ሰነፎች ናችሁ? ውሃ እንኳ አታጠጡትም?» አለን።

አፌን ስከፍት ጋሽ ሰይድ እጄን ጨበጥ አድርገው «ዝም በይ፣ ልጄ» አሉኝ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ ያለው ያ ዝምታ ነው።