ድንጋዩ ውስጥ የነበረው ሌባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሚዛን ማዛባቴን፣ በጾም መብላቴን፣ ያረጀ ጄነሬተር ቀለም ቀብቼ «አዲስ ነው» ብዬ መሸጤን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ያስለኛል። አባታችን ጉንፋን ይመስላቸዋል። እናንተ ስለማታውቁኝ ዛሬ ሳልስል እናገራለሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ያልሸጥኩት የለም። ዲሽ ሸጫለሁ፣ ሶላር ሸጫለሁ፣ በመጨረሻም ባሕር ሸጥኩ። ቀልዴን አይደለም። ለሌላ ዕቃ ጅቡቲ ወርጄ አንድ ሱቅ ውስጥ በትልቅ የመስታወት ሣጥን የጨው ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ከባሕር የወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይና በዙሪያው የሚዋኙ ባለ ቀለም ዓሣዎች አየሁ። እዚያው ቆሜ፣ «ይህ የወይዘሮ ዘውዴ ነው» አልኩ። ወይዘሮ ዘውዴ ከተማችን ውስጥ ሆቴል አላቸው፤ ከጎረቤት ሆቴል በአንድ ነገር ካልበለጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሻጩ አማርኛ የሚችል ሽማግሌ ነበር። ድንጋዩን እየጠቀለለልኝ፣ «ይህ አውቶቡስ ነው» አለኝ። «ረዳቱ ሳያያቸው የተሳፈሩ አሉበት። ፀጉራም ትል ብታይ አትደንግጥ፣ በባዶ እጅህ ብቻ አትንካው። ትንንሽ ቀንድ አውጣ ካየህ ተወው፣ መስታወት ያጸዳልሃል። በጥፍር መስታወት እንደመምታት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሰማህ ግን ቦክሰኛው ነው፤ ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ በክንዱ ዓሣ እየመታ የሚበላ ትንሽ የባሕር አውሬ። የዚያኑ ቀን ድንጋዩን አውጣ፤ አለዚያ ዓሣ አይተርፍህም።»

ሰማሁት። በደንብ ሰማሁት። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ልል ብሞክር እንዳታምኑኝ።

ለወይዘሮ ዘውዴ ምን አልኳቸው? «ድንጋዩ ንጹሕ ነው እትዬ፤ ከዓሣው በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለበትም» አልኳቸው። ነጋዴ ነኝ። ተሳፋሪ ያለበት ድንጋይ ማን ይገዛል?

ሣጥኑ ሳሎኑ ውስጥ ተተከለ። ዓሣዎቹን የመመገብ ሥራ ሳሎኑን ለምታጸዳው ለያልጋነሽ ተሰጠ። ያልጋነሽ ሮብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣች፣ ከሰው የማትደርስ፣ ለብቻዋ የምታንጎራጉር ሴት ናት። የክዳኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ለዓሣዎቹም ስም አወጣች፤ ቢጫው «ሙሽራው» ሆነ፣ ነጭና ጥቁሩ «ዲያቆኑ»።

አንድ ጠዋት ውሃ ልቀይር ስመጣ ወለል እየወለወለች ነበር።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር አለ» አለችኝ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ብርዱ ነው። የጮቄ ብርድ መስታወት ሲያገኝ እንዲህ ያደርገዋል።»

«ብርድ ያንኳኳል እንዴ?»

«ገብቶ ሊሞቅ ነዋ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያች ሳቅ ሰው ሸጥኩ።

ዓሣዎቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። አጥንት የለ፣ ቅርፊት የለ። ወይዘሮ ዘውዴ ምትክ ያዝዙኛል፤ እኔም አመጣለሁ፤ ያመጣሁትም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልናገርና፣ አልከፋኝም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሳሎኑ ጨልሞ ብቻዬን ነበርኩ። በስልኬ ባትሪ ወደ ድንጋዩ ሳበራ ከአንዱ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ወጡ። በዘንግ ጫፍ የተሰኩ ዶቃዎች ይመስላሉ፤ አንዱ እኔን ያያል፣ ሌላው ዓሣውን። ዲያቆኑ በአጠገቡ አለፈ። ምን እንደተወረወረ አላየሁም፤ «ቀጭ» ሲል ብቻ ሰማሁ። ዲያቆኑ በጎኑ ተጋደመ፤ ወዲያው ወደ ቀዳዳው ተጎትቶ ገባ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌው ነግሮኛል፤ ያልጋነሽም ነግራኛለች፤ ስሙንም ሥራውንም አውቄ ሳለ ወደ በሩ ሸሸሁ። ለካ ማወቅና ማየት ለየቅል ነው።

ያን ዕለት ወይዘሮ ዘውዴ ዘንድ ሄጄ «ሌባው ይኸውልዎ» ማለት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሉማሜ ላይ አዲስ የተከፈተ ሆቴል ሁለተኛ ሣጥን ሊገዛኝ ተስማምቶ ነበር። ወሬው ከወጣ ማን ይገዛኛል አልኩ።

ወይዘሮ ዘውዴ ግን ሌባ መፈለግ ጀምረዋል። «ሉማሜ ያለው ሆቴል ዓሣ ይፈልጋል፤ ከኔ ቤት እየወጣ ነው የሚሸጥለት» አሉ። ቁልፉ ያለው ያልጋነሽ አንገት ላይ ነው። እናም ሌባ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠየቅበትን የጥንቱን አውጫጭኝ ሆቴላቸው ውስጥ ጠሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እኔም።

ሽማግሌው ጋሽ ምትኩ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ለጠፋ በሬ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ለዓሣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሬ እንኳ ዱካ አለው» አሉ። ሰው ሳቀ። መሐላ ሲጀመር ሳቁ ቆመ። አስተናጋጆቹ ማሉ፣ ዘበኛው ማለ፣ ወጥ ቤቷ ማለች። ተራው የያልጋነሽ ሆነ።

«አልወሰድኩም» አለች። «ግን አልምልም። በእውነትም በሐሰትም ላልምል ለነፍስ አባቴ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እጅሽ ካልነካ አፍሽ ምን ያስፈራዋል?» አለቻት ወጥ ቤቷ።

«አፌ የኔ አይደለማ! ሰጥቸዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ተያየ። እኛ አገር መሐላ የፈራ ሰርቋል ነው። ጋሽ ምትኩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዕቃህን ታውቃለህ። ውሃው ውስጥ የሚበላቸው ነገር አይኖርም?»

ያልጋነሽም አየችኝ። ተስፋ አድርጋብኝ ነበር፤ ስለ ማንኳኳቱ የነገረችኝ እሷ ናት እኮ።

«የለም» አልኩ። «ድንጋዩ ንጹሕ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። አላለቀስኩም፣ አልተንተባተብኩም፤ ዋጋ እንደምናገር ነው የተናገርኩት። እኔን ማል ያለኝም የለም። የነጋዴ መሐላ ማን ያምናል?

ወይዘሮ ዘውዴ ተነሥተው ቁልፉን ከአንገቷ ጎተቱት። ማተቧም አብሮ ተበጠሰ። ወጥ ቤቷ እንኳ አፏን ያዘች። ያልጋነሽ ጎንበስ ብላ ክሩን ከወለሉ ላይ አነሣች፣ ቋጠረች፣ መልሳ አሰረች። ከዚያም ሆቴሉን ለቅቃ ወጣች።

በዚህ ቢያበቃ እንኳ ቀላል ነበር። በቀጣዩ እሑድ ወይዘሮ ዘውዴ ቅዳሴ ሳሉ «ሣጥኑን ላጽዳ» ብዬ ገባሁ። ድንጋዩን አውጥቼ፣ ታፍኖ እንዲወጣ ቀዳዳው ውስጥ ጋዝ ያለው የጠርሙስ ውሃ አፈሰስኩበት። ቦክሰኛው እየተወራጨ ወጣ፤ ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይረዝምም። ይህን ለሚያህል ነገር ነው አንዲት ሴት የተዋረደችው? ጨፍልቄው በፌስታል ቋጥሬ ወንዝ ጣልኩት። ቢያንስ ዓሣው ይትረፍ ብዬ ነበር።

ዓሣው ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም አልጠፋም። ከተማውም፣ «አያችሁ? እሷ ስትሄድ ቆመ!» አለ። ጠርጥረዋት ነበር፤ ማስረጃውን በእጄ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ሌባውን ስገድል ምስክሯን ገደልኩባት። ከዚያ በኋላ ማርቆስ ላይ ሥራ የሰጣት ሰው የለም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ሉማሜ ቆመ። አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ ይዛ የመጣችው ያልጋነሽ ናት። ክሩ አንገቷ ላይ አለ፤ ቋጠሮውም ይታያል።

«ጋሼ፣ ደህና ሰነበቱ? ሙሽራው አለ?»

«አለ» አልኳት።

«እሰየው።» ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ዓይኗንም ከዓይኔ አልነቀለችም። «ያ ብርድስ፣ ጋሼ? ገብቶ ሞቀው ወይስ አሁንም ያንኳኳል?»

ታውቃለች። ያን ቀን ሳሎኑ ውስጥም ታውቅ ነበር፤ እኔ እንደማውቅ እያወቀች ነው ክሯን ያሰረችው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሻዩን ሳልቀምስ ሮጬ ወጣሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ድህነት ገፋኝ አልልም፤ ድሃ አልነበርኩም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ማርቆስ ላይ የያልጋነሽ ስም በሌባነት ሲነሣ ብትሰሙ፣ ሌባው ድንጋዩ ውስጥ ነበር፣ ድንጋዩን ያመጣው ሰውዬም ያውቅ ነበር በሉልኝ። እኔም ወይዘሮ ዘውዴ ሳሎን ቆሜ፣ ጋሽ ምትኩ ባሉበት፣ ይህንኑ ማለት አለብኝ። እስካሁን አላልኩም።

ያንኳኳ የነበረው ብርድ አልነበረም።