በግማሽ ያስረዳሁት እብጠት

ቡራዩ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ አንድ ቅዳሜ ክፍሌ ገብተው በሩን ዘጉና ግራ ጡታቸውን አሳዩኝ። አብጧል፣ ቀልቷል፤ ስነካው ያተኩሳል።

«ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ፣ ቲቸር?»

ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። «ሴል ሲጎዳ ውስጡ ያለ አንድ ፕሮቲን ይነቃል። መልእክተኛ ነው፤ ‹ተጎድተናል፣ ድረሱ› ይላል። ነጭ የደም ሴሎች ይመጣሉ። መቅላቱም ማተኮሱም ከእነሱ ነው። ሰውነትዎ እየተዋጋ ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር!» አሉ። ጎረቤት «ሐኪም ያሳዩት እንጂ» ሲላቸው፣ «ኧረ እየተዋጋልኝ ነው፣ ቲቸሯ ነግራኛለች» እያሉ ሦስት ወር ቆዩ።

ከዚያ ስለ ካንሰር ላስተምር ስዘጋጅ ያንኑ ፕሮቲን መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። የካንሰር ዕጢ ውስጥ ጥሪውን ላያቆም ይችላል። ብግነቱ፣ ያ መቅላትና ማተኮስ፣ ሳይበርድ ይቀጥላል፤ ዕጢው በዚያ ያድጋል፤ ሊገድሉት ከመጡት ሴሎች አንዳንዶቹ ሌሎቹ እንዳይመቱ እጃቸውን የሚይዙ ይሆናሉ። መጽሐፉን ወረወርኩት። ያናደደኝ አለማወቄ አይደለም። ያላወቅሁትን በባለ ቀለም እስክሪብቶ ማሳመሬ ነው! ቀስት ሳይቀር አድርጌበት ነበር።

ሮጬ ሄድኩ። «እማማ፣ ተሳስቻለሁ። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ምነው፣ ውጊያው ቆመ?» ሳቁ።

«አይሳቁ! የሚዋጋው ለዕጢው ሊሆን ይችላል።»

ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ተዉት። «እሺ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ። ሲያዝኑልኝ «ልጄ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። ለእኔ ማዘናቸው ይብስ አናደደኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ጡታቸውን ዳሰሰ፤ ብብታቸው ሥር ሌላ እብጠት አገኘ። «እስካሁን ለምን ቆዩ?»

«የልጅ ልጅ ክርስትና ነበረብኝ» አሉ ቶሎ ብለው። ምንም ክርስትና አልነበረም።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ሰውነትዎ እየተዋጋ ነው ብያቸው።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መምህርት ነኝ። የባዮሎጂ።»

ፊቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከእብጠቱ ናሙና እንዲወሰድ ወረቀት ጻፈ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ እማማ ቀድመውኝ ያዙት።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አሉ። የጠየቁት እኔን ሳይሆን ሐኪሙን ነው።