የማጅራቱ ዛፍ

ከፒያሳ ይዘው እስር ቤት ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ዐይኔ ያረፈው አንድ ሽማግሌ ላይ ነበር። ግድግዳ ተደግፈው በጣሳ ውሃ ሊጠጡ ይሞክራሉ። እጃቸው ጣሳውን አልፎ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይስታል። ያኔ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። እስረኛ መሆኔን ረስቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ጣቴን እንዲይዙ ጠየቅኋቸው። ጭምቅ አደረጉት፤ ጉልበቱስ ሞልቷል።

የአቋቋም መምህር ናቸው፤ መቋሚያ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ እያዘነበሉ የሚዜመውን ዝማሜ ያስተምራሉ፤ ክፍሉ በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ምርመራ ላይ ማጅራታቸውን በሰደፍ ከተመቱ ወዲህ እግራቸውን አንፈራጥጠው እየተንገዳገዱ ነው የሚሄዱት። ዘበኛው ግን በስንቅ ውስጥ አረቄ የሚገባላቸው መሰለው። ጠዋት ለቆጠራ ስንወጣ፣ ሰካራም በእግሩ አይሄድም እያለ በዳዴ ያስወጣቸዋል። በሽታ ነው ብዬ ላስረዳው ብሞክር በጥፊ መለሰልኝ።

አንድ ቀን የኔታ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ጉልበቴ እያለ ምነው እጄ አልታዘዝ አለኝ?»

ከትልቁ አንጎል ሥር፣ ከማጅራት በላይ፣ ትንሽ አንጎል አለች አልኳቸው፤ እንደ ጥቅል ጎመን የተጣጠፈች፣ ግራና ቀኝ ያላት። ትልቁ «ሂድ» ብሎ ያዛል፤ መቼ፣ ምን ያህል፣ የት ላይ እንደሚቆም የምትለካው እሷ ናት። ተማሪዎ መቋሚያውን ቀድሞ ሲያወርድ እርስዎ እንደሚያርሙት ማለት ነው። ለሁለት ስትሰነጠቅ ውስጧ ዛፍ ይመስላል፤ የጥንት ሐኪሞች የሕይወት ዛፍ ብለውታል።

«ዕፀ ሕይወት? በእኔ ማጅራት?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ዐይናቸው እንባ ሞላ። «ዝማሜው ይመለስልኛል?»

አላውቅም፤ ልምምድ ግን ይረዳል አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እንደ ማኅሌት በሁለት ረድፍ እየቆምን መሐል አደረግናቸው። ዜማ ክልክል ስለሆነ ድምፃችንን ውጠን እናንጎራጉራለን። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ቀና። ብቻቸውን የሚወድቁት ሰው ከእኛ ጋር ሲያዜሙ ይቆሙ ነበር። ደስታዬን ለማን ልንገረው!

የቁስቋም በዓል ዕለት ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ «ሰካራሙ፣ ዳዴህን ጀምር» አለ።

«ዛሬስ ቆሜ ልቆጠር» አሉ የኔታ። እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ ግድግዳውን ይዘው ወጡ።

ረድፍ ላይ እንደቆሙ ወደ ግራ አዘነበሉ። አሁን ወደቁ ብዬ ደነገጥኩ። አጠገባቸው ያለው እስረኛ አብሯቸው አዘነበለ። ቀጥሎ እኔ፤ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ሲመለሱ ተመለስን። ዘበኛው ከመሐላችን የሚንገዳገደው የትኛው እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። ዱላውን እንዳንጠለጠለ ቆጠረን።

የኔታ ከተፈቱ በኋላም ጨርሰው አልዳኑም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያስተማሩት። እኔም ያችኑ ትንሽ አንጎል ሳስተምር ሸበትኩ። ሰሌዳ ላይ ዛፏን ስስል የዚያ ክፍል ሰዎች ይመጡብኛል። እስር ቤት ይናፈቃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይናፍቀኛል። በየዓመቱ ለቁስቋም ከሊቃውንቱ ኋላ እቆማለሁ። ወደ ግራ ሲያዘነብሉ፣ የሚወድቅ ሰው አጠገቤ እንዳለ ሁሉ አብሬ አዘነብላለሁ።