ከድንቹ ጀርባ ያለው ቤት

ከተማችንን የወለዳት መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው ገሳይን አልፎ ጥቂት እንደ ተጓዘ በግራና በቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች ያያል፤ አይቶ ሳይጨርስ ያልቁበታል። ከቤቶቹ ጀርባ የገብስና የድንች ማሳ አለ፤ ከማሳው በላይ የጉና ተራራ ነው። ሌላ የሚታይ ነገር የለንም።

እኔ ልጅ ሳለሁ መንገዱ ጠጠር ነበር። አውቶቡሶቹ ዳገቱን ጨርሰው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሞተራቸው ይፈላ ስለነበር ከምንጫችን ውሃ ለመሙላት ይቆሙ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ተሳፋሪው ይርበዋል። መጀመሪያ አንዲት ሴት ዳቦ ይዛ ወጣች፤ ቀጥሎ ሻይ ቤት ተከፈተ፤ ከዚያ ሙስሊም ነጋዴዎች መጥተው ሱቅ ሠሩ፤ ወፍጮ ተተከለ። ገበሬው ድንቹን በአህያ ጭኖ ደብረ ታቦር ድረስ መሄዱን ትቶ መንገድ ዳር ማራገፍ ጀመረ። ከተማ የሆንነው እንግዲህ በፈላ ሞተር ነው።

ኋላ አስፋልቱ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር፤ በወሊድ የተያዘች ሴት ሐኪም ቤት በሕይወት እንድትደርስ ያደረገ መንገድ ነው። ነገር ግን አዲሶቹ መኪኖች ሞተራቸው አይፈላም። እየበረሩ ያልፉናል። ሻይ ቤቶቹ በየተራ ተዘጉ፤ ወጣቱም በሚያልፉት መኪኖች ተሳፍሮ መሄድ ጀመረ።

ሽፋኑ የወለቀ አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው፤ የቀረውን እንዲህ ካለው መጽሐፍ ለቃቀምኩት። መጽሐፉ በአሜሪካ ሜዳማ አገር ስላሉ የገበሬ ከተሞች የሚናገር ምዕራፍ አለው። ባቡሩ ውሃ ሊቀዳ በቆመበት ሁሉ ከተማ በቀለ ይላል፤ ገበሬው ስንዴውን ወደ ሐዲዱ አመጣ፤ ጎተራ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ተሠራ። ከዚያ ውሃ የማይፈልግ ባቡር መጣ፤ ከከተሞቹም ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። እኔ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ግን የሰው ከተማ ታሪክ የማነብ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሁለተኛዋ ልጄ ለመናገር ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ፈተናው ግን እንደ አብዛኞቹ ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም። ዓመት ያህል ከእኔ ጋር ድንች ስትኮተኩትና ስትለቅም ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አብራት የተማረች ልጅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች እንደሆነ፣ ለእርሷም ሥራ እንደማይጠፋ ነገረችን። እስከ ጥምቀት እዚሁ የምትኖርበት ሥራ ካላገኘች እንደምትሄድ ቁርጡን ተናገረች። እናቷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ አልለመንኳትምም። ልጅን በልመና አስቀርቶ ሥራ ፈት አድርጎ ማኖር ፍቅር አይደለም ብዬ አምናለሁ። ማመኔ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም።

በኅዳር ለጉዳይ ባሕር ዳር ደርሳ ስትመለስ የሆነውን በራት ላይ አጫወተችን። አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ቆመ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ወርደው ጀርባቸውን ሰጡ። ለሴቶቹ ግን ጫካ የለም፤ አገሩ ሁሉ ታርሷል። ነጠላ እየዘረጉ እርስ በርስ የተጋረዱ ነበሩ። አንዲት እርጉዝ ከልጄ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ እርሷ አፍራ ሳትወርድ ቀረች፤ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ከንፈሯን እየነከሰች ሄደች። ልጄ ይህን ተርካ ስታበቃ፣

«እኔ እዚህ መንገድ ዳር ንጹሕ ሽንት ቤት እሠራለሁ» አለች። «እርሱ ካለ አውቶቡስ ይቆማል።»

ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። አይሆንም አልኳት። ምክንያት ስትጠይቀኝ ስለ ንጽሕናና ስለ መሬቱ ጥበት ብዙ ተናገርኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ የእርሱ ልጅ የመንገደኛ ሽንት ቤት ታጥባለች የሚለውን ወሬ ፈርቼ ነው። ይሉኝታን ዕድሜ ልኬን ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለልጆቼ ከዳዊት ቀጥሎ ያስተማርኳቸው ይሉኝታ እንደማይጠቅም ነው።

በማግሥቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ሐጂ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከልጅነት ጀምሮ የምንተዋወቅ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። ምክር ልጠይቅ ሳይሆን እንዲያዝንልኝ ነበር የነገርኩት። እርሱ ጎማውን እየነፋ ሰማኝና ሳቀ።

«ድሮ አውቶቡሱ ሊሞላ ይቆም ነበር» አለ። «አሁን ሊያፈስ ይቁም። ውሃ ውሃ ነው፣ ምን አለበት?»

«በልጄ ነገር አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። የኔ እጅ ቀኑን ሙሉ ጭቃና ቅባት ነው፤ ቤት ገብቼ ታጥቤ እሰግዳለሁ። የልጅህ እጅ ከኔ በምን ይበልጣል? ዐረብ አገር ሄዳስ የምታጥበው ምን መስሎሃል?»

ተነሥቼ ሄድኩና ዶማ አነሣሁ።

አንዴ ከፈቀድኩ በግማሽ ልብ አልሠራም። ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ፤ ወለሉን በሲሚንቶ አለሰለስኩ፤ የእጅ መታጠቢያ በርሜል አቆምኩ። ልጄ በሩ ወደ ጓሮ ይዙር ስትል ግን አልሰማኋትም። የሚያሳፍር ነገር ካልሠራን ምን እንደብቃለን ብዬ ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋት፤ በሩንም ወደ አስፋልቱ አዞርኩ። ሰው ከሩቅ እንዲያይ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ፣ በትልልቁ «ንጹሕ ሽንት ቤት» ብዬ ጻፍኩበት። ባለቤቴ ወጥታ ፊደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «እንደ ወደዱ» ብላ ገባች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ሐጂ ሾፌሮቹን ያውቃቸዋል፤ ለምኖ አንዱን አውቶቡስ አስቆመልን። ወንዶቹ ወርደው ያን የመሰለ ቤት ትተው እንደ ልማዳቸው ወደ ማሳዬ ካብ ሄዱ። ሴቶቹ በመስኮት ያያሉ። በመጨረሻ አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ወረደች። ግማሽ መንገድ እንደ ሄደች ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«እናቴ፣ በርቱ! በቀይ ተጽፎልዎታል፣ አይሳሳቱም!» አላት።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ታጠፈችና ማስቲካ ገዝታ ተመልሳ ወጣች። ረዳቱን ልገሥጸው ስራመድ አውቶቡሱ ሄደ።

የሚቀጥሉትም እንደዚያው ሆኑ። ሾፌሮቹ ለከንቱ መቆም ሰለቻቸውና ማለፍ ጀመሩ። ልጄ በየማለዳው ማንም ያልረገጠውን ወለል ታጥባለች። የገና ጾም እየተጋመሰ ነው። አንድ ቀን ደብረ ታቦር ሄዳ ጉርድ ፎቶ ተነሥታ መጣች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የዚያን ዕለት ነው ባለቤቴ የተናገረችው። ድንች እየቀቀለች ነበር። እኔ ስለ ሴቶቹ እየተማረርኩ ነው፤ ንጹሕ ቤት ተሠርቶላቸው በባዶ ኩራት ይሠቃያሉ፣ ሕዝባችንን የገደለው ይህ ነው፣ እያልኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቱ ሴት ሆነው ያውቃሉ?»

በርጩማዬን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ።

«ሴት ልጅ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያያት፣ ወዴት እንደምትሄድ በቀይ ተጽፎ፣ አትገባም። ብትሞትም አትገባም። ልትገዛ ትውረድ። የገዛችውን ይዛ ትመለስ። በመሀል የት እንደ ገባች ማን ይጠይቃታል?» ድስቱን በማማሰያው መታ አደረገችው። «ድንቹን ከፊት ያድርጉት። ቤቱን ከጀርባ።»

ልጄ ከበሩ ላይ ሆና ሰምታለች። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ደስታ ከፈተናው ወዲህ አላየሁትም ነበር። እኔ ግን ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበልኩትም። ይህማ ማታለል ነው አልኩ፤ ሰው ሌላ ነገር ሊያደርግ ወርዶ ድንች ልገዛ ነው ቢል ዋሸ፤ እኛም የውሸት መጋረጃ ሻጮች ሆንን።

«አባባ፣ ድንቹ እኮ እውነተኛ ነው» አለች ልጄ። «ይበሉታል።»

ወጥቼ ማሳዬን ዞርኩ። ራሴን በራሴ ስጠይቅ ቆየሁ፤ የሚመክረኝ ሲጠፋ የማደርገው ይህንኑ ነው። ልጄ ስለ ነገረችን ሴቶች አሰብኩ። ሜዳ ላይ ነጠላ ዘርግተው ሲጋረዱ ሰው ሁሉ ከነጠላው ጀርባ ምን እንዳለ ያውቃል። ማንም አልተታለለም። ነጠላው የተዘረጋው እውነቱን ለመደበቅ ሳይሆን ሴቲቱን ለማክበር ነው። እኔ ደግሞ በእውነት ስም ያንን ነጠላ ገፍፌ በላዩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ። ሐቀኛ ነኝ የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሐቀኝነቱ የሚያስከፍለው እርሱን ይሁን ሌላውን መጠየቅ አለበት። ይህን ለልጆቼ አላስተማርኳቸውም ነበር፤ ራሴም አላውቀውም ነበርና።

በማግሥቱ በሩን ነቅዬ ወደ ጉና አዞርኩት። ቀይ ፊደሌን በኖራ ቀባሁት። ከፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ዳስ ጣልን፤ በዳሱ ጎን ወደ ኋላ የሚያዞር መተላለፊያ በቀርከሃ አጠርን። ልጄ ከምድጃው ጭስ ፊት ተቀመጠች፤ ቅቅል ድንች ከነልጣጩ፣ ከጎኑ አዋዜ። ጾም ስለሆነ ለመንገደኛ የተመቸ ምግብ ነው። ስለ ጓሮው የሚናገር አንድም ቃል የትም አልተጻፈም።

ሐጂ አንዱን ሾፌር የመጨረሻ ነው ብሎ ለመነው። አውቶቡሱ ቆመ። አንዲት ጋቢ የደረበች ወፍራም ሴት ወረደች፤ ዳሱ ዘንድ ደርሳ ድንቹን አየች፤ ልጄ አንገቷን ወደ መተላለፊያው ጥቂት ሰበር አደረገች። ሴትዮዋ ገባት። ወደ አውቶቡሱ ዞራ ጮክ ብላ፣

«ድንቹ ትኩስ ነው፤ እስኪበርድልኝ ትንሽ እቆያለሁ!» አለች።

ከዚያ ሌላዋ ወረደች። ከዚያ እናትና ልጅ። ወዲያው በአውቶቡሱ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ድንች አማራት። በቀርከሃው ጀርባ ተሰልፈው ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር። ረዳቱ፣ ያው የፊተኛው ነው፣ ጭንቅላቱን እያከከ፣

«ምን ዓይነት የድንች አምሮት ነው ዛሬ?» አለ።

ሾፌሩ ግን ሚስት ያለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። መሪውን ተደግፎ «ዝም በልና አንተም ግዛ» አለው። ሁሉም ድንች ይዘው ተመለሱ። ጋቢ የለበሰችው ሴት ልትሳፈር ስትል የልጄን ጭንቅላት ያዝ አድርጋ ሳመቻት፤ ስለ ድንቹ ያመሰገነቻት አልመሰለኝም።

ሾፌሮች ወሬ ያዛምታሉ። ለገና ብዙዎቹ ሳይለመኑ ይቆሙ ጀመር። ለጓሮው ቤት የምናስከፍለው የለም፤ ድንቹ ይከፍልለታል። ሐጂም አውቶቡሶቹ በቆሙ ቁጥር ጎማቸውን በእርግጫ መታ መታ እያደረገ ይዞራል፤ የላላ አያጣም። አንዱ ሻይ ቤት ሣንቃውን ነቅሎ እንደገና ተከፍቷል። ድንቻችንን ደላላ በፈለገው ጊዜ መጥቶ እስኪጭነው መጠበቅ ቀርቶ ጎረቤቶቼም ለዳሱ እየመረጡ ያመጣሉ።

ከተማችን ዳነች ብዬ አልጽፍም። መንገዱ የሚዘጋበት ሳምንት አለ፤ ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ዶሮ ይሄድበታል። ከኛ የተሻለ ቦታ ያለው ሰው ነገ ከኛ የተሻለ ቤት ሊሠራ ይችላል። እነዚያ የሐዲድ ዳር ገበሬዎችም ባቡሩ መቆሙን የሚተው አይመስላቸውም ነበር ይሆናል። የማውቀው፣ ሞተር ሳይፈላበት ሰው የሚቆምበት ምክንያት እንዳገኘን ነው።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱን አጅበን ውለን ተመለስን፤ በዓሉ አለፈ። ስለ ጉዞው እኔም አላነሣሁም፣ እናቷም አላነሣችም፤ ሁለታችንም ግን በቤቱ ውስጥ የምንራመደው የተኛ ሕፃን እንዳለበት ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዳሱን ሳድስ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጇ እርጥብ ነበር።

«አባባ» አለች፤ «ይህ ጉድጓድ እስከ ክረምት አይበቃንም።»

ሚስማሩን ከአፌ አወጣሁ። ክረምት አምስት ወር ይቀረዋል።

«በክረምት ጎርፉ የሚወርድበትን ከአሁኑ እንይና» አልኳት፣ ድምፄን እንደ ወትሮዬ ለማጽናት እየሞከርኩ፤ «ሁለተኛውን ከፍ ብለን እንቆፍረዋለን።»

አብረን ወደ ጓሮ ዞርን። እርሷ የቱ ጋ ይሁን ብላ በእግሯ መሬቱን ትጭራለች፤ እኔም እዚያ ድንጋይ አለበት፣ ወደዚህ ነይ፣ እላታለሁ።