የገስግስ ጀርባ

አስናቀ ኮርቻ ሰፊው ሰው ሲንቅ ምራቁን እንትፍ ይላል። አሰላ ውስጥ ደግሞ የሚናቅ ሰው ሞልቶ ስለነበር የሱቁ ደጃፍ ደርቆ አያውቅም። በቅሎውን እየቀጠቀጠ የሚያልፍ ጸሐፊ፣ የበሰበሰ ቆዳ አምጥቶ ደህና ነው እያለ የሚምል ነጋዴ፣ ለሁሉም እኩል ያዳርሳል። እኔ ጎረቤቱ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ዘልዬ ማለፍ ለምጄ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግራዝማች ፍሰሐ ነው። አንቱ ልለው በተገባኝ፤ አንደበቴ እምቢ ስላለኝ ይቅር። ገስግስ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረውና በፈረሱ ስም አባ ገስግስ ይባላል። በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. ክረምት የፈረሱ ጀርባ ገጠበና መሽተት ጀመረ። ግራዝማችም እንደ አገሩ ልማድ ለጅብ አስለቀቀው። ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ያረጀና የገጠበ ከብት የሚጣልበት ቦታ አለ፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። እኔም ገስግስ እዚያ ቆሞ እያየሁት እንደዚያው አድርጌ አልፌያለሁ፤ ሳስበው ራሴን እጸየፋለሁ። ግራዝማች ግን ፈረሱን ሲጥል ስሙን አልጣለም። ሰርግ ቤት ውስጥ አባ ገስግስ ሲሉት አሁንም ጢሙን ያሻል።

ፈረሱን አስናቀ ሄዶ አመጣው። ገመድ እንኳ አላስፈለገውም፤ እንስሳው ዝም ብሎ ተከተለው። ሚስቱ ፋናዬ ሽታው ወጥ ውስጥ ገባብኝ ብላ ስንት ቀን አኮረፈች። እሱ አራት ወር ሙሉ ትል እየለቀመ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበ። ጨው ሲያቃጥለው ገስግስ አይራገጥም፤ ግንባሩን አስናቀ ደረት ላይ አስደግፎ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ገር ፍጥረት አይቼ አላውቅም።

ቁስሉ ሲጠግግ ሌላ ጣጣ መጣ። የአስናቀ ጓሮ ቆዳ ማስጫ እንጂ ግጦሽ የለውም፤ ለድርቆሽ የሚሆን አቅምም አልነበረም። ፋናዬ ከጥምቀት በፊት ቤት ፈልግለት፣ አለዚያ ወደመጣበት ይመለሳል ብላ ቁርጡን ነገረችው። ከሲሬ አንድ ባለጋሪ መጣ። ደጃፍ ያቆመው የራሱ ፈረስ ትከሻው ተልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ እሱ ግን የገስግስን አፍ ፈልቅቆ ጥርስ ይቆጥራል። አስናቀ እንትፍ ብሎ አሰናበተው።

ቀጥሎ ከጭላሎ ግርጌ ከዲሮ የሚባል ገበሬ መጣ። እናቱ ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣችም፤ የማይደነብር ፈረስ ቢያገኝ ልጆቿን ዞራ ታያለች። ከዲሮ ወደ ጥርሱ አልሄደም። መዳፉን ጠባሳው ላይ አሳርፎ ፈረሱ በረጅሙ እስኪተነፍስ ድረስ ጠበቀ። አስናቀ ልቡ አረፈ፤ ቅዳሜ ሊወስደው ተስማሙ።

ቅዳሜ ከዲሮ ገመዱን ይዞ ሲደርስ ግራዝማች ፍሰሐ ከነአሽከሮቹ ደጃፍ ቆሟል። አዲሱ ፈረሱ ከበሮ ሲሰማ ይደነብራል፤ ጥምቀት ደግሞ ደርሷል፤ ገስግስ መዳኑንም ሰምቷል። ፈረሴን አምጣ አለ። ፋናዬ ከውስጥ ሆና "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ስትል ሰማኋት። ያ ጅል ገስግስ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ አፍንጫውን የግራዝማች ካባ ላይ አሻሸ። የዚያን ቀን ያህል ገርነት አስጠልቶኝ አያውቅም።

አስናቀ በእርጋታ፣ "የእርስዎ ከሆነ ጠባሳውን ይዳስሱት" አለ። "ኮርቻ ከመጫንዎ በፊት የት ጋ እንደሚያመው ይወቁ።"

ግራዝማች እጁን ዘረጋ። ጠጉር ያልበቀለበትን፣ የተጨማደደውን ቆዳ ሲያይ ግን ሳይነካው ሰበሰበው፤ ምንም ያልነካ ጣቱንም በአሽከሩ ነጠላ ጠረገ። ለማየት የተሰበሰበው ገበያተኛ ሳቀ።

"ይህን ቆሻሻ ማንም ይውሰደው" አለ ፊቱ ጠቁሮ። ይህን በአደባባይ ካለ ወዲያ ሊመለስበት አይችልም። ሊሄድ ዞር ብሎ ግን ቆመ። "ለመሆኑ ጀርባውን የበላው ኮርቻ የማን እጅ ሥራ ነው?"

ኮርቻው የማን ሥራ እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር። ከዲሮ አስናቀን አየው። ከዲሮ እምቢ ካለ ሌላ ወሳጅ የለም፤ ያለው ወንዙ ዳር ነው።

"የኔ ነው" አለ አስናቀ። "ግራዝማች እንዲያምር ጠበብ አድርገው አሉኝ። ጀርባውን እንደሚልጠው እያወቅሁ ሰፋሁት።"

ከዲሮ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ። ጥሎት ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ገመዱን ፈረሱ አንገት ላይ በቀስታ አሰረ።

"ፈረሱን እወስዳለሁ" አለ። "የእናቴን ኮርቻ ግን ሌላ ሰው ይሰፋዋል።"

አስናቀ እሺ አለ። ጢቾ ያለ አንድ ደህና ኮርቻ ሰፊ ስም ነገረው።