መብራት እስኪመጣ

ረቡዕ፦ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረር

ጎህ ሲቀድ በሐረር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትምህርት ቤታችን ለስብሰባ ተይዞ እስከ ሰኞ ስለተዘጋ፣ በልጅነቴ ባዮሎጂ ያስተማሩኝን ጋሽ አብዱን ለማየት ቆርጬ ነበር። ከአሰበ ተፈሪ ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። የወሰደኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። እኔም ዛሬ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ስገባ ቀና ብሎ የሚያየኝ ተማሪ ከጠፋ ቆይቷል። እህቴ አዳማ ልብስ ቤት ከፍታ «ምን ያለፋሻል? ነይና አብረን እንሥራ» እያለች ትወተውተኛለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት እሳቸውን ልጠይቅ አልኩ።

ተማሪያቸው ሳለሁ ጋሽ አብዱ አንድ ቀን ከሥጋ ቤት የበሬ ልብ በፌስታል ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። «ዛሬ አላስተምርም። እናንተ ጠይቁኝ» አሉን። ደወል ተደውሎ እንኳ ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚነቃነቅ አልነበረም። አስተማሪ መሆን የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

ከሂርና በኋላ መንገዱ ዳገት ለዳገት ይጠማዘዛል። ግራ ቀኙ እርከን ላይ የተተከለ ጫት ነው፤ ማሽላው እየቀነሰ ሄዷል። ጨለንቆ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጡት ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ገበሬ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

«አስተማሪ ነኝ አባቴ።»

«አላህ ይርዳሽ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የኔ ልጅ ካስረኛ ወጥቶ አወዳይ ጫት ይጭናል። ለምን ተውከው ስለው፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል አለኝ። ወላሂ፣ ጫቱን ሲጭን ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም።»

የሐረማያ ሐይቅ በነበረበት ሜዳ ላይ ከብቶች ይግጣሉ። ሽማግሌው አወዳይ ሲደርሱ ተሰናብተውኝ ወረዱ።

ማታ፦ ጀጎል

ጋሽ አብዱ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ሸብተዋል፤ ከሲታ ሆነዋል። በፈላና በር አድርገን በግንብ የታጠረው ጀጎል ገባን። ድንችና ቲማቲም መሬት ላይ የዘረጉ ሴቶች «ቲቸር፣ ሰላም ዋሉ?» ይሏቸዋል፤ ግማሾቹ ያስተማሯቸው ናቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ሄደን ቤታቸው ደረስን። ጫማችንን አውልቀን ቀይ ቀለም የተቀባው መደብ ላይ ተቀመጥን። ባለቤታቸው አዴ አሚና አብሽ የበዛበት መረቅ በእንጀራ አቀረቡልን፤ ከዚያ በወተት የፈላ የቡና ገለባ፣ እነሱ ሆጃ የሚሉትን፣ ቀዱልን።

«ጋሼ፣ ተማሪዎቼን ማንቃት አቃተኝ» አልኳቸው። «እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ነገ ክፍሌ ግቢና እይ። ከዚያ እናወራለን።»

አዴ አሚና ባላቸውን ቀና ብለው አዩና ዕቃውን ማነሳሳት ጀመሩ።

ሐሙስ፦ ክፍል ውስጥ

ትምህርት ቤቱ ከግንቡ ውጪ ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት መቀመጫዎች ባዶ ናቸው፤ ጋሽ አብዱ በሹክሹክታ «የድሬ ጠያራ ገበሬዎች ልጆች ቦታ ነው። የጫት ለቀማ ሲደርስ አይመጡም» አሉኝ። በሳተላይት ትምህርት የሚሰጠው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ በብረት ፍርግርግ ተቆልፎበት ተሰቅሏል። በሪሞቱ ከፈቱትና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ስክሪኑ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ፣ ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ያስረዳ ጀመር። በመሐል ይጠይቃል። ጥቂት ዝም ይላል። ራሱ ይመልሳል። «በጣም ጥሩ» ብሎ ያመሰግናል፤ ማንን እንደሚያመሰግን እንጃ። ልጆቹ ከስክሪኑ ይገለብጣሉ፤ ገልብጠው ሳይጨርሱ ይቀየርባቸዋል። ሁለት ልጆች ክንዳቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። ጋሽ አብዱ አልቀሰቀሷቸውም። የእኔ ክፍል ቁርጥ ይኸው ነው።

ድንገት መብራት ጠፋ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አሁን ድሮ የማውቃቸው ጋሽ አብዱ ይመጣሉ ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። እውነትም ወደ መስኮቱ ሄዱ። እጃቸውን አውጥተው ከደጅ ካለው የማንጎ ዛፍ አንድ ቅጠል ቀነጠሱና ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይቺ ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነች? ለምን ቀይ አልሆነችም?» በአማርኛ ነው የጠየቁት።

ልጆቹ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ተያዩ።

«ስህተት ቢሆን ግድ የለም። የመሰላችሁን በሉ።»

ከፊት የተቀመጠች፣ ጥቁር ሻሽ የለበሰች ልጅ እጇን አወጣች። ልቤ ዘለለ።

«ቲቸር» አለች በትሕትና፣ «መብራት ሲመጣ ይነግረናል።»

የሳቀ የለም። ልጅቷ ልትቀልድ አልፈለገችም። ጋሽ አብዱ ቅጠሏን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ደወሉ እስኪደወል እኛም እነሱም የጠቆረውን ስክሪን እያየን ቆየን።

ከሰዓት

ወደ ቤት ስንመለስ ፈላና በር አጠገብ ካለ ሻይ ቤት አረፍ አልን።

«መጀመሪያ ላይ ታግዬ ነበር» አሉ። «የፕላዝማውን ድምፅ ቀንሼ እኔው አስተምር ነበር። ኃላፊዎቹ ከፕሮግራም ወደ ኋላ ቀረህ ብለው ገሠጹኝ። እሱን ቻልኩት። በኋላ ግን ልጆቹ ራሳቸው ከሰሱኝ። ቲቸር ይጠይቀናል እንጂ አያስተምረንም አሉ። እነሱን መቻል አቃተኝ።»

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ሪሞቱን ያዝኩ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ እንዳየሽው እሞክራለሁ። አብዛኛውን ቀን እኔም መብራት እጠብቃለሁ።»

የእህቴን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ቆይ፣ ታገሺ ይሉኛል ብዬ ነበር። በውስጤ የመጣሁትም እንዲህ እንዲሉኝ ሳይሆን አይቀርም።

«ሂጂ ሰብለ» አሉኝ። «እንጀራ ካገኘሽ ሂጂ። እኔ በአንቺ ዕድሜ የጠራኝ ሰው ቢኖር እሄድ ነበር።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እሳቸው ተነስተው ለከሰዓቱ የዐሱር ሶላት ወደ መስጊድ ገቡ፤ እኔ ብቻዬን መንገዱን ሳይ ቀረሁ።

ዓርብ፦ መልስ

አዴ አሚና ማለዳ በእንቁላል የተጠበሰ ፈጢራ ቋጥረውልኝ በር ድረስ ሸኙኝ። ጋሽ አብዱ ጫማቸውን ሊያደርጉ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። «አንቺን ያስተማሩ ጊዜ እኮ ቤት ገብተውም ዝም አይሉም ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ያሉትን ሁሉ ያወሩልኝ ነበር» አሉኝ አዴ አሚና ዝግ ብለው። መንገዱን ሁሉ አልተኛሁም፤ ፈጢራውንም አልነካሁትም። ቤት ስደርስ እናቴ «መምህርሽ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። «ደህና ናቸው» አልኳት።

እንግዲህ ለአንባቢ ከዚህ ጉዞ ያመጣሁት ዘዴ የለም። የተማርኩት ይህን ነው፤ ልጆቹ ዝም የሚሉት ስለማያውቁ ወይም ስለሰነፉ አይደለም። መልሳቸውን የሚጠብቅ እንደሌለ ስለተረዱ ነው። ይህን ማወቄ አልጠቀመኝም።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ፕላዝማው አንድ ጥያቄ ጠየቀና እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኔም ጥያቄውን በአማርኛ ደገምኩት። ዘሃራ የምትባል፣ በዓመቱ ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ተማሪ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ቲቸር፣ እውነት መልስ ፈልገው ነው?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

አፏን ስትከፍት ፕላዝማው መልሱን መስጠት ጀመረ። ድምፁ ድምጿን ዋጠው። ሪሞቱን ከኪሴ አውጥቼ እስክዘጋው ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አንስታለች።

«ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው» አልኳት።

«ይተዉት ቲቸር» አለችኝ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ። «አለፈ።»